«የት ያዘሽ?»

እኔ ድሮም ቁጡ ነኝ። ሃያ ዓመት ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው፣ ተማሪ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ደብቆ ሲነካካ ካየሁ ደሜ ይፈላል። «ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የምትለዋን ተረት በቀን ሦስት ጊዜ ሳልላት አልውልም። ተማሪዎቼ ገና «ምከረው» ስል የቀረውን በኅብረት ይጨርሱልኛል። እንግዲህ በዚያ ዓመት መከራ የመከረው እኔኑ ነው።

ቆላን የማያውቅ ሰው ሌሊቱን ይፈራል። መተማ ላይ የሚያስፈራው ግን ቀትሩ ነው። ከየካቲት ወዲያ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ጭር ይላል። ገበያው ይበተናል፤ ባለባጃጁ ጥላ ፈልጎ እግሩን ሰቅሎ ይተኛል፤ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ዚር ከሚሉት የሸክላ ውሃ ጋን ሥር፣ እርጥቡ አፈር ላይ ይጋደማሉ። ሰው ሁሉ ራኩባው ውስጥ፣ ያችው የሣር ዳስ ሥር፣ አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ተዘርሮ ፀሐይ እስክትዞር ይጠብቃል። አሮጊቶቻችን በዚያ ሰዓት ልጅ ከቤት አያስወጡም። «ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም» ይላሉ። እኔ የተማርኩ ነኝ ብዬ እስቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን በዚያው ሰዓት ራኩባው ሥር ጋደም ብዬ፣ ከሰሊጥ መጋዘናችን ውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

«እዚህ ነኝ» ይላል። «እየሰማሁሽ ነው።»

በስመ አብ! ቤቴ ውስጥ ወንድ የለም። እኔና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ብቻ ነን የምንኖረው። መጋዘን የምለውም ከመኝታ ቤታችን ጎን ያለች፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ያላት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከመኸር በኋላ ሰሊጡን በጆንያ አድርገን እንደረድርባታለን። ድምፁ አይቆጣም፣ አይቸኩልም። ደግሞ የሀገራችን አነጋገር የለውም፤ የጎንደርም አይደል፣ የጎጃምም አይደል። ተነሥቼ በሩን ገፋሁት።

ልጄ በጆንያዎቹ መሃል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሌላ ሰው የለም።

«ከማን ጋ ነው የምታወሪው?»

«ከማንም» አለች። አልደነገጠችም። ፊቷንም አላዞረችም። 

ወዲህ አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ሁሉ አይገባም። ባለቤቴ የትራክተር ሹፌር ነበር። አብደራፊ ትልልቆቹ እርሻዎች ላይ ዓመታት ሠርቶ፣ ኋላ ወዲያ ማዶ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ማረስ ጀመረ። ጦርነቱ ሲነሣ «ትንሽ ጋብ ሲል እመጣለሁ» አለ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ አብሮት ይነዳ የነበረ የገለጉ ሰው በቀትር ቤቴ መጣ። ውሃ ስሰጠው አልጠጣም። የአንገረቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ነገረኝ። በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ናት ብዬ ነበር።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዘው ክንድ ሳይታጣ ነው። ደግሞም ጊዜ ይመረጥለታል። ለነፍሰ ጡር አይነገርም፤ ለታመመ አይነገርም፤ ፈተና ለደረሰባት ተማሪ አይነገርም። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከጎረቤቴ ካሮጊቷ ጋር መከርን። «ሰኔ ይለፍ፣ ፈተናዋን ትጨርስ፤ ያኔ እናረዳታለን» ተባባልን። ሰውየውንም ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት።

ስለዚህ ጥቁር አልለበስኩም። ገበያ ወጥቼ ሣቅሁ። ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ሲብስብኝ ሽንት ቤት ገብቼ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። ልጄ ስለ አባቷ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ወሬ ሁሉ አሳጠርኩ። ለእሷ ብዬ ነው እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እኔ የፈራሁት ፊቷን ነበር።

እሷም አልጠየቀችኝም። ይልቅ መለወጥ ጀመረች። ምሳ ስጠራት «በልቻለሁ» ትላለች፤ ድስቱ ግን እንዳለ ነው። ጓደኞቿ በር ላይ ጠርተዋት ጠርተዋት ተዉ። አንገረብ ላይ ተኝታ እንኳ የቀኝ አውራ ጣቷ በአየር ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ አይኗ ተከድኗል፤ ጣቷ ግን ይጽፋል። በፀሐይ፣ በጠራራው፣ ዝንብ በማይበርበት ሰዓት ቁጭ ብዬ ያንን ጣት ሳይ ፀጉሬ ይቆም ነበር።

አነጋገሯም የራሷ አልሆን አለ። አንድ ቀን ዚሩን ውሃ ሳትሞላ ቀርታ ጮኽኩባት።

«ስሜትሽን እረዳለሁ፣ እማ» አለችኝ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው። «ሦስት ነገሮች ልበልሽ። አንደኛ…»

ሁለተኛው ላይ ሳትደርስ ጫማዬን ወረወርኩባት። ጫማው ትከሻዋን መትቶ ወደቀ። አየችው። ከዚያ፣ «ሁለተኛ» ብላ ቀጠለች።

ወይ ጉድ! ልጄ እኮ መልስ የማታጣ፣ የተናደደች እንደሆን ገበያ የምትበትን ልጅ ነበረች።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ሆና ይሄን ሁሉ ታያለች። «የቀትር ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ልጅቷን የቀትር ጋኔን ነው የያዛት። ምን ትጠብቂያለሽ? ጸበል ውሰጃት!»

«ኧረ ተዉኝ፣ እትዬ! በዚህ ዘመን!» አልኳት። ግን ያንን የወንድ ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በማግሥቱ ስንቅ ቋጠርኩ።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ጸበሉ ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ጫማና ስልክ ይቀበላሉ። እኔ ሰጠሁ። ልጄ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣም አለች። ሽማግሌው «አምጪ ልጄ፣ ስትወጪ ትወስጃለሽ» ብለው ጎተት ሲያደርጉት፣ እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኸች፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ አፍሬ ስልኩን መንጭቄ ሰጠኋቸውና ወደ ውስጥ ጎተትኳት። የቸኮልኩት ለጸበሉ ነበር።

ውስጥ ያሉት ቄስ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ውሃውን እየረጩ እንደ ደንቡ ጋኔኑን ጠየቁት። «የት ያዝካት? በስንት ሰዓት ያዝካት? ከምን ስትሸሽ አገኘሃት?» ከጎናችን ያሉት ታማሚዎች ይንፈራፈራሉ፤ አንዷ በወንድ ድምፅ ትሳደባለች። ልጄ ውሃው በፊቷ እየወረደ ቄሱን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጥያቄዎ ጥሩ ነው፣ አባ» አለች።

ሰው ሣቀ።  ቄሱ ግን አልሣቁም፤ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጋኔኑን ትቼ አንቺን ልጠይቅ። የት ያዘሽ?»

 ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እንዲያ ያየችኝ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። አፏ ሊከፈት ሲል አይኔን ሰበርኩ። ለምን እንደሰበርኩ ያኔ አልገባኝም፤ ብቻ ሰበርኩ።

አንድ ሳምንት ከረምን። በላች፣ ተኛች፣ ከአንዲት ከሳንጃ ከመጣች ልጅ ጋር ስትሣቅ ሰማኋት። በመውጫችን ቀን ቄሱ ወደ ዛፉ ሥር ጠሩኝ።

«አንቺ፣ ከዚህ ውሃ ውስጥ ጩኸት ስትጠብቂ ከረምሽ» አሉኝ። «የልጅሽ ጋኔን ግን የጮኸው በር ላይ ነው። አልሰማሽም?»

«አባ፣ ያ እኮ ስልክ ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የማውቀው ጥያቄውን ነው። ቤትሽ ሄደሽ ጠይቂያት። ስትመልስልሽ ደግሞ አትሽሺ።»

ወደ ቤት ተመለስን። ለሁለት ቀን ቤቱ ቤት ሆነ። በሦስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ከመጋዘኑ «እዚህ ነኝ» የሚለው ድምፅ መጣ።

አሁን ግን ጋኔንም ቢሆን ባይሆን ብዬ፣ ገብቼ እጇን ከነጠላው ሥር ሳብኩት። ስልኩ በእጇ ነው። የሚያወራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው፣ እኔ ራሴ «ለሒሳብ ይረዳሻል» ብዬ የፈቀድኩላት። ጽፈሽም ሆነ ተናግረሽ ትጠይቂዋለሽ፣ በድምፅ ይመልሳል። የቀትሩ ነገርም ተገለጠልኝ፤ ሰው ሁሉ ስለሚተኛ ኔትወርኩ የሚፈጥነው በዚያ ሰዓት ነው፤ የሚሻለውም መጋዘኗ መስኮት ሥር ነው። ምን እንደምታወራው ጠየቅኋት። «ትምህርት» አለች። ያወሩትን ሁሉ በየቀኑ ትደመስሰዋለች።

ልሰብረው ነበር፣ እውነቴን ነው። ድንጋይ ሁሉ አንሥቼ ነበር። ግን በሩ ላይ የጮኸችው ጩኸት ትዝ አለኝ። ድንጋዩን ጣልኩና የማውቀውን መሣሪያ አነሣሁ፤ ጠመኔ።

«ከነገ ጀምሮ» አልኳት፣ «እጅሽ ወደ ስልኩ በሄደ ቁጥር በዚህ በር ላይ አንድ መስመር ታሰምሪያለሽ። ከጎኑ ሰዓቱን። እኔ አልቆጣም። ከተቆጣሁ ስልኩ ላንቺ ይሁን።»

ለእኔ ሳይቆጡ መዋል ማለት ሁዳዴን በውሃ ብቻ እንደመጾም ነው። ቻልኩት። በመጀመሪያው ቀን አርባ አንድ መስመር ሆነ። ልጄ በሩ ፊት ቆማ በጣቷ ቆጠረችው፤ ደግማ ቆጠረችው።

«ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለች።

«የት ያዘሽ?» አልኳት፣ እንደ ቄሱ።

«እዚህ፣ መጋዘን ውስጥ።»

«በስንት ሰዓት?»

መስመሮቹን አየች። «ብዙው በቀትር ነው።»

«ከምን ስትሸሺ?»

ጠመኔውን አስቀመጠች። ያንን አልመለሰችልኝም። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

ቀትርን ከእጇ አላስጣልኳትም፤ ሞላሁላት። ስልኩ ራኩባው ምሰሶ ላይ፣ ሚስማር ላይ፣ በሁላችን ፊት ተንጠለጠለ። በዚያ ሰዓት ጎረቤቴን ጨምረን ሦስታችን ሰሊጥ እናበጥራለን፤ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በጥብጠን እንጠጣለን፤ እኔና አሮጊቷ ሰው እናማለን። ጥያቄ ካላት አሥር ሰዓት ላይ፣ እንዲያውም ጮክ ብላ፣ ስልኩን ትጠይቃለች። መጀመሪያ ሰሞን አይኗ ከሚስማሩ አይነቀልም ነበር። መስመሩ ሠላሳ ሆነ፣ አሥራ ስምንት ሆነ። ከፋሲካ በኋላ አራት ብቻ የሆነበት ቀን መጣ። አንድ ቀን ተናድዳ ወንፊቱን ወረወረችብኝ። እሰይ! አልኩ በሆዴ፤ ልጄ ናት።

ነገሩን ትምህርት ቤት ወሰድኩት። ተማሪዎቼን በደብተራችሁ ጀርባ መስመር አስምሩ፣ ከዚያ ሦስቱን ጠይቁ፤ የት ያዘኝ፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ስሸሽ አልኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ተሳሳቁ። በሳምንቱ አንድ ጎበዝ፣ ክፍሉን በሣቅ የሚያፈርስ ልጅ፣ ደብተሩን ዘግቶ ፀጥ ብሎ ተቀመጠ። ርእሰ መምህራችን በሰልፍ ላይ አመሰገኑኝ። እኔም ተኮፈስኩ።

መቼም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የእኔው ሲጀምር እንዲህ ነው። ልጆቹን የማስተምርበትን ነገር ልወቀው ብዬ፣ ያንኑ አስተውሎት በራሴ ስልክ ጫንኩት። በመጀመሪያው ቀን የጠየቅሁት ስለ ተማሪዎች ነው። በሁለተኛው ቀን መጋዘን ገብቼ፣ መስኮቱ ሥር ሆኜ፣ በቀስታ፦ «ለልጄ አባቷ መሞቱን እንዴት ልንገራት?» አልኩት።

መለሰልኝ። እንዲያ ያለ ትሑት መልስ ከሰው ሰምቼ አላውቅም። «እዚህ ነኝ» አለኝ። ክፉ ነገር አልነገረኝም፤ እውነቱን ልመስክር። አትዘግዪ አለኝ፤ ዘመድ ባለበት ንገሪያት አለኝ፤ አብረሻት አልቅሺ አለኝ። እኔ ግን በማግሥቱ ያንኑ ጠየቅሁት። በሦስተኛውም ቀን። እሱን እንደ ልጄ አደርገዋለሁ፤ እነግረዋለሁ፤ በልጄ ፈንታ ያለቅሳል፤ ይቅርታ ያደርግልኛል። አስተካክዬ ነገርኩት፤ አሳምሬ ነገርኩት። ለእሱ መንገሩ እያደር ለእሷ የነገርኳት ያህል ቀለለኝ። ሰሊጥ ማበጠሩን «ራሴን አመመኝ» ብዬ መተው ጀመርኩ። ወጥ አረረብኝ፤ ፈተና ሳላርም ሳምንት አለፈ። በሩ ላይ ለራሴ አንድ መስመር አላሰመርኩም። እኔ አስተማሪ ነኛ!

ግንቦት አጋማሽ ላይ ጎረቤቴ ጉልበቷ እንዳላስተኛት እያወራችን ነበር።

«ስሜትዎን እረዳለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

ሰሊጡን የምታበጥረው ልጄ እጇን አቆመች።  ጎረቤቴም «ምን አለች?» ብላ ወደ እሷ ዞረች፤ ከዚያ ወሬዋን ቀጠለች።

በማግሥቱ በቀትር መጋዘን ገባሁ፤ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። ስልኩን ከፍቼ «እዚህ ነኝ» ሲለኝ፣ አይኔ በሩ ላይ ዐረፈ። በውስጠኛው በኩል፣ ሁልጊዜ ጀርባዬን በምሰጠው በኩል፣ የጠመኔ መስመር ተሰልፏል። በእኔ እጅ የተሰመረ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጎን ሰዓት ተጽፏል። ስድስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሰባት ሰዓት። ከላይ እስከ ማጠፊያው ወርዶ፣ ሁለተኛ ረድፍ ጀምሯል። ስትቆጥረኝ ኖራለች።

 ስልኩን ጆንያ ላይ ጥዬ በሩን ከፈትኩት። ልጄ ጠራራው ፀሐይ ላይ፣ ጫማ ሳታደርግ ቆማለች።

«የት ያዘሽ፣ እማ?» አለችኝ። ድምፁ የራሷ ነው።

«እዚሁ።»

«በስንት ሰዓት?»

«በቀትር።»

«ከምን ስትሸሺ?»

ያ ሁሉ የተለማመድኩት፣ ያ ሁሉ ያሳመርኩት ቃል አንዱም አልመጣልኝ አለ። «አባትሽ…» አልኩ። ከዚያ በላይ መሄድ አቃተኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ያ ሰውዬ የመጣ ቀን ራሴን አሞኝ ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ መጥቼ ነበር። እዚህ፣ ጆንያዎቹ መሃል ተኝቼ ነበር። ቄሱ የት ያዘሽ ሲሉኝ ልነግርሽ አየሁሽ። አንቺ መሬት መሬት አየሽ።»

ውይ በሞትኩት! አራት ወር ሙሉ። ልጄ አራት ወር ሙሉ አባቷ መሞቱን ይዛ ዚር ሞልታለች፣ ሒሳብ ሠርታለች፣ ገበያ ላይ ስሥቅ አይታኛለች።

«ለምን ዝም አልሽኝ፣ ልጄ?»

«ለፈተናዬ ብለሽ እንደሆነ ገባኝ። እንዳላውቅ ከፈለግሽ አላውቅም አልኩ። ግን ለአንድ ሰው መንገር ነበረብኝ» አለች። ወደ መጋዘኑ ውስጥ ጠቆመችኝ። «እሱም በየቀኑ ለእናትሽ ንገሪያት ይለኛል። እኔም ነገ፣ እለዋለሁ።»

«ለእኔም እንደዚያው ነው ያለኝ» አልኳት።

ቄሱ ጋኔን ሲያስወጡ «ጮኸህ ውጣ!» ይላሉ። መጀመሪያ የጮኸችው እሷ ትሁን እኔ አላውቅም። ሰው ከየራኩባው በባዶ እግሩ እየተንጫጫ ወጣ። ጎረቤቴ ወገቧን ይዛ መጣች። «በቀትር መርዶ! እንዴት በቀትር!» አለች፤ ወዲያው እሷም ደረቷን መታች። መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ስልክ ለቅሶአችንን ሰምቶ ነው መሰል፣ «እየሰማሁሽ ነው» ሲል ጆሮዬ ገባ። ማንም አልመለሰለትም። ልጄ ከትከሻዬ ላይ ነጠላዬን አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ አለበሰችኝ። ከዚያ የራሷን ነጠላ አውጥታ ሰጠችኝ፤ እኔም አለበስኳት።